ጓሮ ያለችው ቱርክ

ይህን ታሪክ ውሸት ነው የሚል ካለ፣ ውሸት ከሆነ ባጃጄ የሶደሬ መንገድ ላይ ትገልበጥ፤ ያውም እኔ ውስጧ እያለሁ። ከስምንተኛ ክፍል ወዲያ አልዘለቅሁም፣ መሐላ ግን በደንብ ተምሬያለሁ።

ጎረቤቴ ጋሽ ገብረወልድ እዚሁ አዳማ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣሉ። መኪና በራቸው ላይ ሲያስል ሰምተው ሕመሙን ይናገራሉ። አንድ ልጃቸው ሰይፈሚካኤል፣ እኛ ሰይፉ የምንለው፣ የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወድቆ ከአልጋ አልነሳ ሲል ግን ግራ ገባቸው። መጀመሪያ ስንፍና ነው አሉ። ቀጥለው የስልክ ጣጣ ነው ብለው ስልኩን ቀሙት። እሱም አልሠራ ሲል ሻሸመኔ ካለው ጎበዝ የአጎቱ ልጅ ጋር አነፃፀሩት። በመጨረሻ እኛ በኩራዝ አጥንተን ነው የሚለውን ታሪክ ከሥሩ ጀመሩለት። ልጁ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ሰፈርተኛው ደግሞ ሰይፉ ስንት አመጣ እያለ አላስወጣ አላስገባ አላቸው። አፈሩ። ቱርክ ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝቷል አሉ። ሽኝት ሳይበላ ማን ያምናል? በግ ታረደ፣ ሙዚቃ ተከፈተ። ተሸኚው የታለ ለሚል ሁሉ የበረራው ቀን ቀድሞበት በሌሊት ሄደ ተባለ። ሰይፉ ጓሮ ባለችው ሰርቪስ ቤት ተቆልፎበት የራሱን ሽኝት በግድግዳ ሰማ። እኔም ሁለት ሰሃን ጥብስ በልቼ ቱርክን መረቅኳት።

ከዚያ ወዲህ እናቱ እትዬ ሸዋወርቅ በነጠላቸው ሥር ሰሃን ሸሽገው ወደ ጓሮ ይመላለሳሉ። ሰው ካያቸው ለዶሮዎቹ ነው ይላሉ። ዶሮ በሽሮ ፍትፍት ሲቀለብ ያን ጊዜ አየሁ።

አንድ ቀን ውሃ ጠፍቶ በባጃጄ ጀሪካን አመጣሁላቸው። ወደ ጓሮ ሳስገባ ሰይፉ በሰርቪሷ መስኮት ያየኛል። ፀጉሩ አድጓል፣ ጉንጩ ጎድጉዷል። የቱርክ ምግብ አልተስማማህም እንዴ ልለው አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

«ሽኝቱ ላይ በጣም ሲስቁ ነበር» አለኝ። «እኔ የሌለሁበት ቤት ደስ ይላል። የምር ብሄድስ እያልኩ ነው።»

የት ብዬ አልጠየቅኩትም። ፓስፖርት የማይጠየቅበት አገር እንደሆነ ገብቶኛል። በቀጥታ ሱቅ ሄጄ ለጋሽ ገብረወልድ ነገርኳቸው። አንተን ብሎ እውነት ተናጋሪ ብለው አስወጡኝ።

በማግስቱ ባጃጅ ተራ ላይ እትዬ አየለች፣ የሰፈሩ ሬዲዮ፣ ሰይፉ ደወለ ወይ አሉኝ። ሌላ ቀን ቢሆን የቱርክ ጄኔራል ልጅ ድሬለት ነበር። ያን ቀን አንገቴን ደፋሁ። እኔ መልስ ካጣሁ ሰው ሞቷል ማለት ነው። የእናቱን መክሳት፣ የአባቱን መኮሳተር ደመሩና ወሬውን ይዘው ጉዞ ጀመሩ። እስከ ምሳ ድረስ ሰፈሩ ሰይፉ ቱርክ ውስጥ መኪና ገጭቶት መሞቱን ብቻ ሳይሆን የመኪናውን ቀለም ጭምር ያውቅ ነበር።

ጎህ ሲቀድ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ጉርሜሳ ሽማግሌ አስከትለው መርዶ ሊያረዱ መጡ። ጋሽ ገብረወልድ መርዶውን ተቀበሉ። አልሞተም ቢሉ የታለ ሊባሉ ነው። ደግሞ ሲያስቡት፣ ከወደቀ ልጅ የሞተ ልጅ ሳይሻል አይቀርም፤ ለሞተው ሰው ያዝንልሃል፣ እድሩም ድንኳን ይተክልልሃል። ድንኳኑ ተተከለ። ሰይፉን ሰላም ብለውት የማያውቁ ሁሉ ጎበዙ፣ ትሑቱ እያሉ ደረታቸውን ደቁ። ልጁ በቁሙ እንዲህ ተብሎ አያውቅም።

እትዬ ሸዋወርቅ አላስችል ብሏቸው ሰርቪሷን ከፈቱ። ሰይፉ ብርድ ልብስ እንደተከናነበ ድንኳኑ ውስጥ ገባ።

«ማን ሞተ?» አለ።

«አንተ ነሃ» አለችው ፋኢዛ፣ አብራው የተማረች የጎረቤት ልጅ፣ እንባዋን እየጠረገች።

 ልጁ አባቱን አየ።

«አባዬ፣ የቱ ይሻልሃል? ቱርክ ልሁን ወይስ ልሙት?»

ጋሽ ገብረወልድ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

«ቱርክ አልሄደም» አሉ ለሰዉ። «ታሞብኝ ነው። አፍሬ ደበቅኩት።» ከዚያ አጠገባቸው ያለውን ቦታ በእጃቸው ጠረግ አደረጉለት። «ና ተቀመጥ ልጄ። ዛሬ አንተ ተናገር፣ እኔ ዝም እላለሁ።»

ዝምታው ለእሳቸው ከመርዶው ባይብስ ነው፤ ሁለት ሦስቴ ኩራዟ አፋቸው ደርሳ ተመልሳለች። ልጁ ግን ተናገረ። ከሰዓት በኋላ ሐኪም ዘንድ አደረስኳቸው። ሐኪሟ ሰይፉን አነጋግራ ስትጨርስ አሁን አባት ይግቡ አለች። እኔ ምን ሆንኩ እያሉ ገቡ፤ ሲወጡ ሸሚዛቸው በላብ ርሷል። ሰይፉ ዛሬም አንዳንድ ቀን ከአልጋው አይነሳም። በሩ ግን አይቆለፍም።

ድንኳኑ ውስጥ የሆነውን ጉድ ደግሞ ስሙ። እትዬ አየለች ብድግ ብለው ቤታቸው ሄዱና ካናዳ ናት ያሉንን ልጃቸውን ሲናን ከጓዳ አወጧት። ጋሽ ጉርሜሳ አውስትራሊያ ያለውን ልጃቸውን ከጎተራው ጀርባ ጠሩት። ጀርመን ከዕቃ ቤት ወጣ፣ ዱባይ ከቆጥ ወረደች። ድንኳኑ ኤርፖርት መሰለ፤ ንፍሮው አልበቃ አለ።

እሺ፣ ስለ ባጃጄ ስል አንዷን ውሸቴን ልመን። ይቺን የመጨረሻዋን ከራሴ ነው የጨመርኳት። የወጣው ሰይፉ ብቻ ነው። ሌሎቹ ንፍሯቸውን ቆርጥመው፣ አይ የገብረወልድ ጉድ እያሉ ወደየቤታቸው ሄዱ። የካናዳ ቁልፍ እስካሁን እትዬ አየለች አንገት ላይ ተንጠልጥሏል።