የወጥ ቤቱ ሬዲዮ

ኤይለርት ቤት ውስጥ አፉን የሚከፍተው የሚያስፈልገው ነገር ሲኖር ብቻ ነው። «ጨው አቀብዪኝ»፣ «ነገ ነፋስ አለ»፣ «ጓንቴ የት ገባ?» ይላል፤ ከዚያ ዝም። ሚስቱ ቶርዲስ ተፈጥሮው ነው ብላ ተቀብላው ነበር።

በዚያ የኖርዌይ ደሴት የዓሣ አጥማጅ ሚስት ሁሉ የጀልባዎቹን ንግግር የምትሰማበት ሬዲዮ ወጥ ቤቷ ውስጥ አላት፤ ባሏ በሕይወት መኖሩን የምታውቀው በእሱ ነው። መስማት እንጂ መናገር አይቻልበትም። ቶርዲስም ድንች እየላጠች የባሏን ድምፅ ትሰማለች። የሚያወራው ግን ከገርድ ጋር ነው፤ ወደቡ ላይ ዓሣ ከምትረከበው መበለት።

«ገርድዬ፣ ያቺ ክንፈ ሰባራ ወፍ ዛሬም መጥታለች።»

«ምን አለችህ?»

«ዓሣ ሰልችቶኛል አለች።»

«ቅምጥል! እኔ ቁርስ እንኳ አልቀመስኩ።»

ሳቁ።

ምስጢር ቢያወሩ ይሻላት ነበር፤ ይዛ ትጣላበታለች። ይህ ግን ለምንም የማይረባ ወሬ ነው። እሷ አንድም ቀን ያላገኘችው ደግሞ እሱኑ ነው። ቢላዋውን ወርውራ፣ ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ ወደ ወደቡ ወረደች።

«ባሌን ምን አድርገሽው ነው እንዲህ የሚለፈልፈው?» አለች ገና ከዓሣ መረከቢያው በር።

ገርድ ቀና ብላ አየቻት። «መረብ ሲጎትት ነው ያደረው፤ ብቻውን። ካላስለፈለፍኩት መሪውን እንደያዘ እንቅልፍ ይጥለዋል። የኔን ሰውዬ የሚያስለፈልፈው አልነበረም።» የሬዲዮዋን መነጋገሪያ ዘረጋችላት። «ያንቺው ነው፤ እንኪ፣ አስለፍልፊው።»

ቶርዲስ ተቀበለቻት።

«ኤይለርት።»

«ቶርዲስ? ምን ሆናችሁ? ማን ሞተ?»

ማን ሞተ! ለገርድ ወፍ፣ ለእሷ ሞት። ፊቷ በቅናት ጋለ።

«ማንም አልሞተም። ድመቷ ወንበርህ ላይ ተኝታለች።»

ሬዲዮው ጸጥ አለ። የደሴቱ ወጥ ቤት ሁሉ እያዳመጠ እንደሆነ ታውቃለች። ገርድ መነጋገሪያውን ልትቀበላት እጇን ስትሰድ፣

«ትራሱ ላይ ነው?» አለ ኤይለርት።

«አዎ፣ ትራሱ ላይ።»

«ባለጌ! አንቺ ነሽ ያቀበጥሻት።»

«እኔ? ጠረጴዛ ሥር ዓሣ የሚያቀብላት ማን ሆነና?»

ሳቀ። ቶርዲስ ወንበር ስባ፣ ጀርባዋን ለገርድ ሰጥታ ተቀመጠች።

ገርድ ጥቂት ቆመች፤ ከዚያ «ሣጥኖቹን ልጠብ» ብላ ወጣች። የውሃው ድምፅ ግን ለረጅም ጊዜ አልተሰማም።