ጥርስ የሚያወይብ ውሃ

ታናሽየው ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል። ጥርሱ የወየበ ነው፤ የታላቅ ወንድሙም እንዲሁ። የጓሮአቸውን ጉድጓድ ውሃ ጠጥቶ ያደገ ሁሉ እንደዚያ ነው። ታናሽየው ላቦራቶሪ በተቀጠረ ሰሞን መጀመሪያ የመረመረው ያንኑ ውሃ ነበር። ጥርስ የሚያወይበው ማዕድን፣ ፍሎራይዱ፣ ከልክ ያለፈ ሆኖ አገኘው። ለማንም አላወራም፤ ጥርሱ እንደሆነ አንዴ ወይቧል።

አሁን ፊቱ የተቀመጠው ሐሰተኛ ነው ተብሎ በፖሊስ የተያዘ ቢራ ነው። ጠርሙሱ የትልቁ ቢራ ፋብሪካ ሲሆን መለያው ላይ ተራራና ምንጭ ተስሏል። የተገኘው አንዲት ባለ ግሮሰሪ ዘንድ ነው። ሴትዮዋ «ከፋብሪካ ነው ብለው ነው ያመጡልኝ» ብላ ትምላለች፤ የሚያምናት ግን የለም። ቢራው የት እንደተጠመቀ ካልታወቀ ጣጣው በእሷ ላይ ያርፋል።

ታናሽየው የቢራውን ጋዝ አስወጣ፣ አጣራ፣ ለማሽኑ ሰጠ። ቢራ ከምኑም ይልቅ ውሃው ይበዛል፤ ገብሱ ከየትም ይምጣ፣ ውሃው የተቀዳበትን መሬት ጨው ይዞ ይመጣል። ቁጥሮቹ ተራ በተራ ወጡ። ፍሎራይድ፣ ሊቲየም፣ ስትሮንቲየም። ያን ሰሞን ከጓሮአቸው ውሃ ያገኛቸው ናቸው፤ የገዛ ስልክ ቁጥሩን ያህል ያውቃቸዋል።

መደንገጥ ነበረበት። አልደነገጠም። ጓንቱን አውልቆ እጁን ታጠበ፤ መታጠቡን ረስቶ እንደገና ታጠበ።

ሠራተኛው ሁሉ «ሚዛን» የሚለው ሽማግሌው ኃላፊ በትከሻው በኩል አጮለቀ።

«አይ ጉድ! ጠርሙሱ ተራራ ተራራ ይላል፣ ቢራው ከጉድጓድ ነው የወጣው! ይህንን ሲጠጣ ያደገ ሰው ምስክር አያስፈልገውም፤ አፉን ይክፈት ብቻ!»

ታናሽየው ከንፈሩን ገጠመ።

«የፋብሪካው አለመሆኑን አውቀናል» አለ ሚዛን። «የማን ጉድጓድ እንደሆነ ግን የሚመሳከር ውሃ ከሌለ ምን ይባላል? ሴትዮዋን እግዜር ይሁናት።»

ቅዳሜ ከሰዓት ታናሽየው ወደ ወንድሙ ቤት ሄደ። ወላጆቻቸው ካረፉ በኋላ ያሳደገው ይኸው ወንድሙ ነው። በትልቁ ፋብሪካ ጠመቃ ክፍል ዕድሜውን ጨርሶ በቅርቡ የተቀነሰ ሰው ነው። ጓሮ ተቀምጦ ጠርሙስ ያጥባል።

«ኧረ ዶክተሩ! ዛሬ ምን እግር ጣለህ?»

«ወንድም ጋሼ፣ ቢራው ያንተ ነው።»

ወንድሙ የያዘውን ጠርሙስ ዘቅዝቆ አንጠፈጠፈ። አልካደም።

«ቀመስከው?»

«አልቀመስኩም።»

«ምን ዓይነት መርማሪ ነህ! ብትቀምሰው ኖሮ ከእነሱ እንደሚሻል ታውቅ ነበር። ብቅሉ እንደነሱ፣ እርሾው እንደነሱ፣ ቆርኪው እንደነሱ። በምን አወቅኸኝ?»

«በውሃው።»

ወንድሙ ሳቀ፤ የወየበ ጥርሱ በሙሉ ታየ። «ውሃ ደግሞ ምን ጣዕም አለው?» ከሕፃንነቱ ጀምሮ የለመደው ይኼንኑ ነው፤ ጣዕም ያለው ሌላው ውሃ ነው የሚመስለው። ሁሉን አስቦ ውሃውን ግን አላሰበውም።

«አንተ ዝም ካልክ ማን ያውቃል?» አለ ወንድሙ።

«ማንም።»

«እና?»

«ሴትዮዋ ትታሰራለች።»

ታናሽየው ከቦርሳው ባዶ የናሙና ጠርሙስ አወጣና ወደ ጉድጓዱ ሄዶ ባልዲውን ወረወረ። ባልዲው እንደ ልጅነቱ ጊዜ አልሰጥምም ብሎ ውሃው ላይ ተንሳፈፈ።

ወንድሙ አጠገቡ መጥቶ ወደ ታች አየ።

«ወይ አንተ! ዛሬም አልቻልክበትም» ብሎ ገመዱን ተቀበለው። አንዴ ወዝወዝ አደረገው፤ ባልዲው ጠለቀ፣ ሞልቶ ወጣ።

ታናሽየው ጠርሙሱን በውሃው አለቅልቆ ደፋ፤ ደግሞ አለቅልቆ ደፋ።

«ንጹሑን ውሃ ምን ያስደፋሃል?»

«ሥራው እንዲህ ነው። ጠርሙሱ መጀመሪያ በሚይዘው ውሃ ይታጠባል።»

«ልጆቼን አደራ» አለ ወንድሙ፣ ባልዲውን እንደያዘ።

«እሺ፣ ወንድም ጋሼ።»

ሰኞ ጠዋት ጠርሙሱን ሚዛን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው።

«ከየት ነው?»

«ከቤት። የወንድሜ ጉድጓድ ነው። እኔ አልመረምረውም፤ ሌላ ሰው ሄዶ ራሱ ይቅዳ፣ ራሱ ይመርምር።» አፉን አልሸፈነም።

ሚዛን ጥርሱን አየ። ስለ ቀለደው ቀልድ አንድ ነገር ሊል ጀምሮ ተወው። ታናሽየው ወደ ወንበሩ ተመለሰና የሚቀጥለውን ናሙና ከፈተ።