የአቶ ቶይቮ ጢም

ካሪና በአርባ ሦስት ዓመቷ የትምህርት ቤት አውቶቡስ መንዳቱን ትታ ራጅ ማንሳት ልትማር ስትገባ፣ ተንደር ቤይ ከተማ ውስጥ ያልሳቀባት ሰው የለም። እሷ ደግሞ ሲስቁባት እልኳ ይብስባታል። ዛሬ የደረት ራጅ ፈተናዋ ነው፤ ከወደቀች ዓመቱን ትደግማለች።

ፈታኟ ሎይድ፣ በዕድሜ ብዙ የምትበልጠው ልጅ፣ ጥግ ይዞ ከረሜላ ይመጥጣል። ፈተናው እስኪያልቅ መናገር አይፈቀድለትም፤ ተማሪ ሲሳሳት ግን ከረሜላውን ቀርጠፍ ያደርገዋል።

ታካሚው አቶ ቶይቮ ገቡ፤ ሳል አልለቅ ያላቸው ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ናቸው። የመጡት ቀጥታ ከሳውና፣ ከእንፋሎት መታጠቢያው ነው። ነጭ ጢማቸው እንደ ሹሩባ ተጎንጉኖ ደረታቸው ላይ ውሃ ያንጠባጥባል።

«ሐኪም ቤት ቆሽሾ አይኬድም» አሉ።

«ደግ አደረጉ አባቴ። ስምዎንና የተወለዱበትን ቀን ይንገሩኝ።»

«ልታገቢኝ ነው?»

«መጀመሪያ ሳልዎ ይሻልዎት።»

ሐብሉንም ሸሚዙንም አስወለቀቻቸው። ፊታቸውን ምስሉን ወደሚቀበለው ሰሌዳ አዙራ አገጫቸውን ጫፉ ላይ አስደገፈች። የትከሻ አጥንት ሳንባውን እንዳይሸፍንባት ትከሻቸውን ወደ ፊት ገፋ አደረገች። ቀኝ ጎናቸው የትኛው እንደሆነ የሚያሳየውን ምልክትም ሰሌዳው ላይ ለጠፈች።

ቀርጠፍ!

ዞር ብላ አየች። ምን ረሳሁ? ምንም። ከጨረር ከሚከልለው መስታወት ጀርባ ገባች።

«አየር ይሳቡ! ይያዙት!» ቁልፉን ተጫነች። «ይተንፍሱ!»

ምስሉ ሲመጣ ክው አለች። ከቀኝ ሳንባቸው አናት ላይ ገመድ የመሰለ ነጭ ጥላ ተጋድሟል። እንዲሁ ብትልከው ሐኪሞቹ በሽታ ፍለጋ ሰውዬውን ሲያንከራትቱ ሊከርሙ ነው። ያለ በቂ ምክንያት ሁለተኛ ጨረር ብትለቅባቸው ደግሞ ወደቀች ማለት ነው።

አፍጥጣ አየችው። ጥላው ሳንባው ባለቀበት አላለቀም፤ አንገታቸውን ይዞ አገጫቸው ድረስ ይወጣል። ሳንባ ደግሞ አገጭ ላይ አይበቅልም።

«አባቴ! ጢምዎ!»

«ምን ሆነ?»

«በደረትዎና በሰሌዳው መሃል ገብቶ ተኝቷል!»

«ሸሚዝ አውልቅ አልሽኝ፣ አወለቅኩ። ጢም አውልቅ መች አልሽኝ?»

«ይኸው አሁን አልኩዎት።»

«መቀስ ይዘሽ ብትጠጊኝ እጮሃለሁ!»

እርጥቡን ጢም አንስታ በሰሌዳው ጫፍ ላይ ወዲያ ማዶ ጣለችው፤ እንደ ታጠበ ካልሲ ተንጠለጠለ። ሮጣ ከመስታወቱ ጀርባ ገባች።

«አየር ይሳቡ! ይያዙት!»

ሳንባው ጥርት ብሎ ወጣ። ካሪና በደስታ አጨበጨበች፤ ወዲያው ግን ሎይድ ትዝ አላት።

«ደግመሻል» አላት።

«አዎ ደግሜያለሁ! የሰው ጢም ስታክሙ ከምትከርሙ ብደግመው ይሻላል። ከፈለግክ ጣለኝ!»

«ማን ይጥልሻል? አልፈሻል። ሰውዬውን ግን ልትገድያቸው ነው።» በአገጩ ወደ መስታወቱ አመለከታት።

አቶ ቶይቮ ሰሌዳውን እንዳቀፉ፣ ጉንጫቸው ተነፍቶ፣ ፊታቸው ቀይ ሥር መስሏል።

«ወይ ጉዴ! ይተንፍሱ! ይተንፍሱ እንጂ!»

«ኡፍ!» አሉ ጢማቸውን ከማዶ እየሳቡ። «ሳትፈቅጂልኝ እንዴት ልተንፍስ?»