ግማሽ ሰሃን

የሰዓት ሠሪው ሰሃን ሁልጊዜ ተጠርጎ ይመለሳል፤ ሰውዬው ግን ይከሳል።

በዚህ ሆስፒታል ሕመምተኛው ምን እና ምን ያህል እንደሚበላ የማዝዘው እኔ ነኝ። «እመት ሚዛን» ይሉኛል። ከኋላዬ ነው የሚሉኝ፤ ግን ጆሮ አለኝ።

ሰዓት ሠሪው ሆዱ ውስጥ ያለው እጢ መውጣት ነበረበት። ቀዶ ሐኪሙ ቁርጡን ነገረኝ፦ «በዚህ ክሳቱ ቢላ አላሳርፍበትም። ሥጋ አልብሺልኝ፤ አለዚያ ወደ ቤቱ ይሂድ።» ወደ ቤቱ መሄድ ማለት ምን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

ምግቡን አጠነከርኩት። እንቁላል፣ ወተት፣ የተፈጨ ሥጋ፣ ዘይት። ሰሃኑ ባዶውን ተመለሰ፤ ሰውዬው ባሰበት። ላም አለኝ በሰማይ ሆነብኝ። የወፈረችው አስታማሚ ሚስቱ ናት።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ወንበር ስቤ አልጋው አጠገብ ቁጭ አልኩ። ሰዓት ሠሪው በማንኪያው ጫፍ የምግቡን መሃል አሰመረ። ከመስመሩ ወዲህ ያለውን ጨረሰና ሰሃኑን ወደ ሚስቱ ገፋ። እሷም የቀረውን በልታ በዳቦ ጠረገችው።

«እማማ! ምን እያደረጉ ነው?»

«ምሳ እየበላን ነዋ፣ ልጄ።»

«ይሄ እኮ ለአባባ እንደ መድኃኒት ነው!»

«ምን ላድርግ ብለሽ ነው? ስንጋባ ለአንድ ሰው የሚበቃ ብቻ ነበረን። ከዚያ ወዲህ ግማሹን ካላስተረፈልኝ አይወርድለትም። እምቢ ስለው ደግሞ ጭራሽ መብላት ያቆማል።»

ባልየው ስለ ሌላ ሰው የሚወራ ይመስል ጣሪያውን ያያል።

ደሜ ፈላ። ለእሷም የራሷን ሰሃን አስመጣሁላት፤ የእሱን ግማሽ አሁንም አሻገረላት። ከክፍሉ አስወጣኋት፤ ማንኪያውን አስቀምጦ በሩን ያይ ጀመር። በመጨረሻ እጅ ሰጠሁና በእሱ ስም የሁለት ሰው ምግብ በአንድ ሰሃን አዘዝኩ።

የወጥ ቤቱ ኃላፊ፣ «እመት ሚዛን፣ ዛሬ ሚዛኑ ጠፋብሽ?» አለኝ። ፊት ለፊት ሲለኝ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ሰዓት ሠሪው መሃሉን አሰመረ፣ ግማሹን በላ፣ ሥጋ ለበሰ። ሚስቱም ቀሚሷ ጠበባት።

የቀዶ ጥገናው ዕለት እሱ ምግብ ተከልክሎ ገባ። እሷም እህል ሳትቀምስ በሩ ላይ ተቀመጠች። ለአስታማሚ ምግብ ማደል ሥራዬ አይደለም፤ አንድ ሰሃን ይዤላት ሄድኩ። ማንኪያውን ተቀበለችኝ፣ መሃሉን አሰመረች፣ ግማሹን በላችና የቀረውን በመሃረቧ ሸፈነችው።

«እማማ፣ አባባ እኮ ዛሬም ነገም በአፉ ምንም አይቀምስም።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ። ይቀመጥለት።»

አንጀቴን በላችው። ከሕመምተኛ ክፍል የተረፈ ምግብ ወዲያው ይደፋ የሚለውን ደንብ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሰሃኑን ወስጄ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገባሁት።

ስመለስ ነርሷ በሩን ከፍታ ብቅ አለች።

«ደህና ወጥቷል፣ ነቅቷልም። ግን ‹በላች ወይ?› እያለ አላስቀምጥ አለን። ምን ልበለው?»

ሚስቱ አቀርቅራ እንባዋን ትጠርጋለች።

«ግማሹን በልታለች ብለሽ ንገሪው» አልኳት።