የሞንቬርዝ ነፍሳትና የቬርዝ ሙላት

ልበ ብሩህ አንባቢ ሆይ፤ ከተሞችም እንደ ውሉደ ሰብእ ይወለዳሉ፣ ይጎለምሳሉ፣ ያረጃሉም፤ ነገር ግን ሰው አንድ ጊዜ ካረጀ ወደ ጕልምስናው የሚመለስበት ጎዳና ሲታጣ፣ ለከተማ አልፎ አልፎ ሁለተኛ ጕብዝና ከልዑል ይታደላታል፤ ይህም ጸጋ በተጠበቀበት ሰዓትና በተመኙት መልክ የመጣበት ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው።

ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ሕዝብ በሰፈረበት ምድር ዳርቻ፣ ሌላ ልሳን የሚናገሩት የፍላማንዶች ቆላ ከሚጀምርበት ወሰን አጠገብ፣ ሰፊውና ጥልቁ የቬርዝ ወንዝ በስተቀኙ የሚያጥባት ሞንቬርዝ፣ በጥንተ መዋዕሏ መንገደኛን በታንኳ ለማሻገር የተሳሉ መነኮሳት የቀለሷት ጎጆ ነበረች፤ ከመነኮሳቱ በኋላ ጀልበኞች፣ ከጀልበኞቹም በኋላ ቆዳ ፋቂዎችና የወይን ነጋዴዎች ተከታትለው ሰፈሩባትና ሦስት ሺህ ነፍስ የሚኖርባት፣ ገበያዋ የደራና ስሟ የተፈራ ከተማ ሆነች። ወረርሽኝ ሁለት ጊዜ አራቆታት፣ ሁለት ጊዜም አገገመች፤ የመሳፍንት ጦር አቃጠላት፣ እርሷም በአመዷ ላይ ዳግመኛ ታነጸች። እሳትና ሰይፍ ያልቻሏትን ከተማ ሊያጠፋት የተቃረበው ምድር ባቡር ነው፤ ሐዲዱ በሌላ ሸለቆ በተዘረጋ ጊዜ ጭነቱ ሁሉ ከወንዙ ሸሸ፣ ጀልበኞቹ በየተራ አለቁ፣ ልጆቻቸውም ወደ ፋብሪካ አገር ኰበለሉ፤ ይህ የምንተርከው ነገር በሆነበት ዘመን በሞንቬርዝ የቀረው ሕዝብ አራት መቶ እንኳ አይሞላም ነበር።

በዚያች በተራቆተች ከተማ ማቱሪን ዴሎርዥ የምትባል፣ በምግባሯ የተመሰገነችና በአንደበቷ የተፈራች አዋላጅ ትኖር ነበር። ዳቦ ጋጋሪው በእግሩ እንደ መጣ፣ ደወል ደዋዩም እትብት አንገቱ ላይ ተጠምጥሞበት እንደ ተወለደ የምታውቅ እርሷ ነበረች፤ በከተማይቱ ከሠላሳ ዓመት በታች ያለ ሰው ሁሉ የዚህን ዓለም አየር የሳበው በእጇ ላይ ነውና። ነገር ግን ወጣቱ ሲሰደድ የአራስ ቤት ጥሪ ተቋረጠባት፤ ሕፃናትን ለመቀበል የተማሩት እጆቿም ሙታንን ማጠብና መገነዝ ሥራቸው ሆነ። የመጨረሻው ጀልበኛ የነበረው ባሏ በቬርዝ ሰጥሞ ከቀረ ወዲህ ደግሞ ወደ ወንዙ ዳር ወርዳ አታውቅም፤ ውሃ የምትቀዳው ከአደባባዩ ምንጭ ብቻ ነበር።

በክረምቱ መጨረሻ የቆላው ግድብ ፈርሶ መንደሮቻቸው በባሕር የተዋጡባቸው ፍላማንዶች፣ ሚስትና ልጆቻቸውን በጭነት ጀልባዎቻቸው አሳፍረው ወንዙን ሽቅብ መጡና ከከተማይቱ በታች ቆሙ፤ ባዶዎቹ ቤቶች እንዲሰጧቸውም ለመኑ። በአገሩ ልማድ ‹ሙሴ› ተብለው የሚከበሩት ከንቲባው አንሰልም ኩርታቬል ሕዝቡን በአደባባይ ሰብስበው፣ «ዳቦ እንስጣቸው፣ ብርድ ልብስም አንንፈጋቸው፤ ቤት ግን አይሆንም። ዛሬ ጥቂት ነን፤ እነዚህ ከገቡ ነገ በገዛ ገበያችን አስተርጓሚ እንፈልጋለን» አሉ። ሰውየው ጨካኝ አልነበሩም፤ የአባቶቻቸው ልሳን በዘመናቸው እንዳይጠፋ ፈርተው ነው። የተቃወመ አልተገኘም፤ ማቱሪንም ከሕዝቡ ጋር ወደ ቤቷ ተመለሰች።

በማግስቱ ሳይነጋ የላይኛው ተራራ በረዶ በድንገት ቀለጠ፤ ቬርዝም እንደ ተቆጣ አውሬ እያገሣ መጥቶ የድልድዩን መካከል ጠርጎ ወሰደው። ከወንዙ ማዶ ባለው ወፍጮ ቤት የከንቲባው አንድያ ልጅ ክሌማንስ፣ የወፍጮው ጌታ ሚስት፣ የመጀመሪያ ፅንሷን ተሸክማ ወሯ ገብቶ ነበር። ጠዋት ላይ ባሏ በመስኮት ነጭ አንሶላ ሲያውለበልብ ታየ፤ ይህም ምጧ መጀመሩን የሚነግር አስቀድሞ የተዋዋሉት ምልክት ነው። ከንቲባው ባርኔጣቸው ወድቆ ሳያነሡት፣ በወንዙ ዳር ወዲያና ወዲህ እየተመላለሱ፣ «ጀልባ! ስለ ማርያም ጀልባ!» ይሉ ጀመር፤ በሞንቬርዝ ግን በእንዲህ ያለ ሙላት ላይ ቀዘፋ የሚያውቅ ሰው ከሞተ ቆይቷል።

ማቱሪን ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወደ ፍላማንዶቹ ጀልባዎች ወረደች። ጥቂት ፈረንሳይኛ የምታውቅ ሊስቤት የምትባል ወጣት ሴት ነገሩን ሰምታ፣ ዮሪስ ለተባለው ሽማግሌ አባቷ በቋንቋቸው ነገረችው። ሽማግሌው በረጅሙ ተነፈሰና አንድ ነገር ተናገረ።

«አባቴ ‹ትናንት ቤት የከለከለን ያ ሰው አይደለም ወይ?› ይላል» አለች ሊስቤት።

«የከለከላችሁ አባትየው ነው፤ የምታምጠው ልጅቱ ናት» ብላ መለሰች ማቱሪን።

ዮሪስ ይህ ሲተረጐምለት የጀልባውን ገመድ ፈታ፤ ሊስቤትም አብራቸው ተሳፈረች።

ባሏን የበላውን ውሃ በእግሯ ሥር እየሰማች ማቱሪን ዓይኗን ጨፈነች። ከሥሩ የተነቀለ ዛፍ እየተንከባለለ መጥቶ ጀልባይቱን ሊመታት ሲል ዮሪስ መቅዘፊያውን ተደግፎ አፍንጫዋን አዞረ፤ ግንዱም ጎኗን ፍቆ አለፈ። ወፍጮ ቤት በደረሱ ጊዜ ሕፃኑ በመቀመጫው ዞሮ አገኙት፤ እናቲቱም ደክማ ነበር። ማቱሪን ዕውቀቷንና ጸሎቷን አስተባብራ ስትሠራ፣ ሊስቤት የክሌማንስን ትከሻ ከኋላ አቅፋ በገዛ ልሳኗ ታባብላት ነበር፤ ክሌማንስም አንዲት ቃል ሳይገባት፣ ሊስቤት ስትተነፍስ ትተነፍስ፣ ትከሻዋን ስትጫናት ታምጥ ነበር። እኩለ ቀን ሳያልፍ ሕፃኑ ወጣ፤ ዝም አለ፤ ማቱሪን ጀርባውን አሸችው፣ አፉን ጠረገች፣ እንደ ገና አሸችው፤ ከዚያም ጮኸ። አዋላጂቱ ለዓመታት ያልሰማችውን ያን ጩኸት በሰማች ጊዜ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ እያለቀሰች ሳቀች።

ዮሪስ ከንቲባውን ሊያመጣ ተመልሶ ተሻገረ። ሙሴ ኩርታቬል የልጅ ልጃቸውን ከማየታቸው በፊት በደጃፉ ቆመው ዮሪስን፣ «ጌታዬ፣ በድዬዎታለሁ» አሉት። ሊስቤት ተረጐመች፤ ሽማግሌውም የሰጠውን መልስ አምጥታ፣ «‹ስለ በደል የምንነጋገርበት ጊዜ አለ፤ አሁን ሕፃኑን ይዩ› ይልዎታል» አለቻቸው።

ሙላቱ ሲጎድል ከንቲባው ራሳቸው የባዶዎቹን ቤቶች የተዘጉ መስኮቶች እየዞሩ ለፍላማንዶቹ አስከፈቱ፤ ባለ አገሮቹም ጭቃ ሲያወጡና ጣራ ሲጠግኑ እንግዶቹን አገዙ። ጀልባ እንደ ገና በቬርዝ ላይ ተመላለሰ፤ ተዘግቶ የነበረው ትምህርት ቤት ደወሉን ደወለ፤ ሙሴ ኩርታቬልም የፍላማንድ ልጆች በገበያው መካከል በጠራ የሞንቬርዝ ፈረንሳይኛ ሲሰዳደቡ በሰሙ ጊዜ፣ ከብዙ ዓመት ሥጋት እንደ ተፈታ ሰው እፎይ ብለው ሳቁ። ማቱሪንም በሚቀጥለው ዓመት፣ ከአንዱ አራስ ቤት ወደ ሌላው ስትሮጥ ጫማዋ አለቀ እያለች ታማርር ነበር፤ ማማረሯን የሰማ ሁሉ ግን ደስታዋን ያውቅ ነበር። ምጥና ጭንቅ ባለበት ሁሉ የሰው ልጅ አንድ ልሳን አለው፤ ያንን ልሳን ሰምታ የተነሣች አገርም ከቶ ምድረ በዳ አትሆንም።