የቀማሿ ምላስ

በብስኩት ፋብሪካው አዲስ ነገር ሲጋገር ከሚቀምሱት አንዷ እሷ ናት። ባለፈው ካመማት ወዲህ ግን ምላሷ ሬትና ማር አይለይም። ምላስ ከከዳ ምን ይደረጋል! እንጀራዋ ነውና ለባሏ እንኳ ትንፍሽ አላለችም፤ የሌሎቹን ቀማሾች ፊት እየሰረቀች ‹‹ጣፍጧል››፣ ‹‹ከረረ›› ስትል ከረመች።

ዛሬ ሌሎቹ ከመጋገሩ በፊት ማሽኑን ያጠቡበትን የበረኪና ባልዲ ሲሰበስቡ፣ አለቃው አዲሱን ብስኩት ለእሷ ብቻ ዘረጋላት። እሱ የስኳር በሽታ አለበት፤ አይቀምስም። የምታየው ፊት የለም። አንዱን አንስታ አኘከች።

‹‹እህስ፣ እትዬ?››

‹‹እጅ ያስቆረጥማል!››

‹‹በይ እንግዲያው ነገ ገበያ ይወጣል›› አለና አንድ ፓኬት ሸለማት።

ቤት ስትገባ ልጇ ፓኬቱን መንትፋ ከፈተችው። አንዱን ጎርሳ ገና ስታኝከው ፊቷ ጭምድድ አለ።

‹‹እማዬ፣ በረኪና በረኪና ይላል!››

እናት ክው አለች። ‹‹ትፊው!›› ልትል አፏን ከፈተች፤ ልጅቷ ግን ቀደመቻት።

‹‹አንቺ ቀምሰሽዋል አይደል?›› አለች ልጅቷ። መልስ እንኳ አልጠበቀችም፤ እናቷን አምና ዋጥ አደረገችው።