የጉሮሮው በር

ዝናቡ አራተኛ ቀኑን ያዘ፤ ጉሮሮውም ውሃ አልውጥ አለ። ጉሮሮ የሚሉት ዥረቱ ከኖራ ድንጋዩ ሥር ገብቶ የሚሰወርበትን ጉድጓድ ነው። መንግሥት ቦታውን ከልሎ ቬራሊንን ጠባቂ ካደረጋት ሦስት ዓመት ሆነ፤ ቆሻሻ እንዳይጣልበት ተብሎም አፉ ላይ በጓጉንቸር የሚቆለፍ በር ያለው የብረት ፍርግርግ ተተከለ። በሩን ከጥቅምት በፊት መክፈት የሷ ሥራ ነው። የትሬሎኒ አውራጃ ጥቅምት ደግሞ የዝናብ ወር ነው፣ ቀልድ አያውቅም፤ በሩ ካልተከፈተ ዥረቱ የሚያመጣው ግንድ ሁሉ እዚያው ይወተፋል።

አሁን ሸለቆው ሐይቅ ሆኗል። የመንደሩ እርሻ፣ ቦዬ የሚሉት ሥራሥር በሙሉ፣ ውሃ ውስጥ ነው፤ ሁለት ቀን ከቆየ መበስበሱ ነው። የሽማግሌው የማስ ኦዝበርት ፍራሽማ ከቤት ወጥቶ ተንሳፍፏል።

"ይሄ ሁሉ ያንተ ጉድ ነው!" አሉ ማስ ኦዝበርት፣ የቬራሊንን ታናሽ ወንድም ሊንቫልን። ሊንቫል አሮጌውን የቦዬ ሐረግ መደገፊያ እንጨት ዥረቱ ዳር ከምሮ ትቶት ጎርፍ ወስዶታል። "መቼ ነው አንተ ሰው የምትሆነው? እህትህ እንኳ በሩን በጊዜ ከፍታ ነበር!"

"አንድ ማህፀን እንዲህም እንዲያም ያፈራል እንግዲህ!" አለች አንዷ ከኋላ።

ቬራሊን ግን በሩን አልከፈተችውማ! ነገ፣ ከነገ ወዲያ ስትል መስከረም አለቀ፤ ሰው ሲጠይቃት "ከፍቻለሁ" አለች፣ ወረቀቱም ላይ ፈረመች። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የሷ ግን እያደር ድንጋይ ሆነባት። ብትናገር ሥራዋ ሄደ፤ የእናታቸው መድኃኒት የሚገዛው በዚያ ደሞዝ ነው። እንዋሽ ካልተባለ በቀር ግን ከዚያም የባሰባት የሰው ዓይን ነው።

ሊንቫል ሸሚዙን አወለቀ። "በቃ! ገመድ ስጡኝ። እንጨቴን እኔው አወጣዋለሁ።"

"ተው ሊኒ፣" አለች ቬራሊን ክንዱን ይዛ።

"አይዞሽ እህቴ። በሩ ክፍት አይደል? እንጨቱን ገፋ ማድረግ ነው።"

አሁን መናገር ነበረባት። አሁን! አልተናገረችም። ጠለቀ።

ሲወጣ ከንፈሩ ጠቁሯል። "እ? ምንድን ነው?" አሉት ከየአቅጣጫው። ሊንቫል እህቱን አያት። የተቆለፈውን ጓጉንቸር በእጁ ዳስሶታል፤ መዳሰሱን ከዓይኑ አወቀች።

"የኔው እንጨት ነው፣" አለ ጮክ ብሎ። "ጥፋቱ የኔ ነው።"

ከዚያ ውሃ እየተንጠባጠበ መጥቶ አቀፋት፤ ሰዉ የሚሰናበታት መስሎት ዓይኑን መለስ አደረገ። "ቁልፉን፣" አላት በጆሮዋ። ከዝናብ ልብሷ ኪስ አውጥታ አስጨበጠችው።

ደግሞ ጠለቀ። ገመዱ ተጎተተ፣ ተወጠረ፣ ከዚያ ረገበ። ቬራሊን ከዚህ በላይ አልቻለችም።

"በሩ ተቆልፎ ነው!" ብላ ጮኸች። "አልከፈትኩትም። ዋሸኋችሁ። እሱ ምንም አላጠፋም፣ የኔ ነው ጥፋቱ!"

ማስ ኦዝበርት ገመዱን ሳይለቁ ዞር ብለው አዩዋት። ያኔ ከሥር አንዳች ነገር ጓ አለና ውሃው መሽከርከር ጀመረ።

"ሳቡ! ሳቡ በሉ!"

ስድስት ሰው ገመዱ ላይ ተረባረበ። ጉሮሮው ወደ ታች፣ እነሱ ወደ ላይ። ሊንቫል ጭቃው ላይ ተዘርግቶ ሲያስመልሰው ነው ቬራሊን ራሷም የተነፈሰችው።

ማስ ኦዝበርት ባርኔጣቸውን አውልቀው አጠገቡ ተንበረከኩ። "ይቅር በለኝ ልጄ። እህትህ ሁሉንም ነግራናለች።"

ሊንቫል ቀና ብሎ በዓይኑ ፈለጋት።

"ምን አስለፈለፈሽ?" አላት። "እኔ እንደሆነ ለምጄዋለሁ።"

በጥፊ ቢላት በተሻላት።